የአራክኔ ዳኛ ማን ነበር?

የሸማኔ ልጅ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወገንተኛ መሆኔ እንዲታወቅልኝ ነው። ግሪኮች ሸረሪት ከየት እንደመጣች የሚተርኩትን ተረት ላወራችሁ ነው። ተረቱ ውስጥ ደግሞ ሸማኔ ትመታለች።

አሳጥረው የሚነግሩን እንዲህ ነው። አራክኔ የምትባል ልጅ «በሸማ ሥራ ከአቴና አላንስም» አለች። አቴና የጥበብና የእጅ ሥራ አምላክ ናት። ተወዳደሩ። አቴና ተናደደችና ልጅቱን ሸረሪት አደረገቻት። ተረቴን መልሱ አፌን በዳቦ አብሱ። ከዚያ «የትዕቢት መጨረሻው ይህ ነው» ተብሎ ይዘጋል።

ሙሉውን ያነበበ ሰው ግን እንዲህ ብሎ የሚዘጋው አይመስለኝም። ሙሉው የሚገኘው ኦቪድ ከሚባል ሮማዊ ገጣሚ ዘንድ ነው። «ሜታሞርፎሲስ» የሚባለው የግጥም ሥራው አሥራ አምስት መጻሕፍት አሉት፤ ስድስተኛው የሚጀምረው በአራክኔ ነው። በላቲን ስለጻፈ አቴናን ሚኔርቫ ይላታል። እኔ በግሪኩ ስሟ እቀጥላለሁ።

ልጅቱ ከትልቅ ቤት አይደለችም። ኦቪድ ይህን ደጋግሞ ይናገራል። ስም ያወጣችው በዘሯም በአገሯም ሳይሆን በእጇ ነው። አባቷ ኢድሞን የኮሎፎን ሰው ነው። ሥራው የበግ ፀጉር ማቅለም ነው። ከባሕር ቀንድ አውጣ የሚወጣውን፣ እንደ ጉድ ውድ የሆነውን ሐምራዊ ቀለም እያስገባ ይኖራል። እናቷ ሞታለች፤ እሷም ተራ ሰው ነበረች። ልጅቱ የምትኖረው በሊዲያ አገር፣ ሂፓይፓ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ዛሬ ቱርክ ውስጥ፣ ኢዝሚር አካባቢ ማለት ነው።

እና ከዚያች ትንሽ ከተማ ዝናዋ ይወጣል። ኒምፎች የሚባሉት የተራራና የወንዝ ሴት መናፍስት ናቸው። የጥሞሎስ ተራራ ኒምፎች የወይን ቦታቸውን ጥለው፣ የፓክቶሎስ ወንዝ ኒምፎች ውሃቸውን ትተው ሊያዩዋት ይመጣሉ። የሚመጡት ያለቀውን ልብስ ለማየት ብቻ አይደለም። ስትሠራ ማየት ይወዳሉ። የበጉን ፀጉር ስታድበለብል፣ በጣቷ እየሳበች ስታሳሳው፣ እንዝርቷን በአውራ ጣቷ ስታሾር ቆመው ያያሉ።

ይህን ቦታ ሳነብ እናቴን አየኋት። ሐይቅ ከተማ ያለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጣ ባዘቶዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትፈትል፣ እኛም ሕፃን ሆነን አፋችንን ከፍተን እናያት ነበር። እንዝርቱ ይሾራል፣ ክሩ ይረዝማል፣ እሷ ደግሞ ከጎረቤት ጋር ወሬዋን አታቋርጥም። እጇን አታየውም። እኔ ሞክሬ ክሬ በየስንዝሩ ይበጠስ ነበር። ዛሬ ደሴ ላይ ነጠላና ጋቢ እሸጣለሁ፤ መፍተል ግን እስከ ዛሬ አልሆነልኝም።

ባለፈው ሐይቅ ስሄድ ተረቱን ቡና ላይ አወራሁላቸው። አባዬ፣ እናቴና እቴቴ የምንላቸው ጎረቤታችን ነበሩ። እኛ ሙስሊም ነን፣ እቴቴ ክርስቲያን ናቸው፤ ወሎ ውስጥ ይህን ማብራራት አያስፈልግም። አባዬ ገና ከመጀመሪያው አቋረጠኝ።

«ቆይ፣ ራሷ ፈትላ ራሷ ነው የምትሸምነው?»

አዎ አልኩት። ለእሱ ይህ ከአምላኳ በላይ ነው የገረመው። በእኛ ቤት ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ ይሸምናል። በግሪኮች ዘንድ ሁለቱም በአመዛኙ የሴት ሥራ ነበር፤ የንጉሥ ሚስትም ብትሆን አይቀርላትም። የንጉሥ ኦዲሴዎስ ሚስት ፔኔሎፔ ሊያገቧት የመጡትን ያታለለችው በሽመና ነው። «ሸማው ሲያልቅ አገባለሁ» ብላ፣ ቀን የሠራችውን ሌሊት እየፈታች ሦስት ዓመት ሸወደቻቸው። አባዬ «መፍታቱ ከመሥራቱ ይከብዳል» አለ። ወሬው ወደ እሷ ሊሄድ ሲል መለስኩት።

ሰዎች አራክኔን «መቼም ይህን አቴና ናት ያስተማረችሽ» ይሏታል። እሷ ተቆጥታ «ትምጣና ትወዳደረኝ። ከተሸነፍኩ የፈለገችውን ታድርገኝ» ትላለች። አቴና ትሰማለች። ሽበት ለብሳ፣ ምርኩዝ ይዛ፣ አሮጊት መስላ ትመጣለች። «ልጄ፣ ዕድሜ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ምክሬን ስሚ። ከሰው ጋር ተፎካከሪ፤ ለአምላኳ ግን ተሸነፊ፣ ይቅርታም ጠይቂ። ትምርሻለች» ትላታለች። አራክኔ ሥራዋን ጥላ ቀና ትልና፣ ለመማታት ምንም አልቀራትም፣ «ብዙ ኖረሽ አእምሮሽ ደክሟል። ምራት ካለችሽ፣ ሴት ልጅ ካለችሽ ለእሷ ምከሪ» ትላታለች።

እናቴ ስኒውን ረከቦቱ ላይ አስቀመጠችው። «ይቺስ ባለጌ ናት» አለች።

እዚህ ላይ ከእናቴ ጋር አልከራከርም። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ መልስ ለሽማግሌ የሰጠ ሰው፣ ሸረሪት ባይሆን እንኳ፣ ስሙ ለሰባት ቤት ይተርፋል። ግን አሮጊቷም አሮጊት አይደለችም። ልጅቱን አፏን ልታስከፍታት የመጣችው መልክ ቀይራ ነው። አቴና «መጥታለች!» ብላ አሮጊትነቷን ስትጥል ኒምፎቹ ይሰግዳሉ። አራክኔ ፊቷ ቀልቶ ይመለሳል እንጂ አትሰግድም።

ከዚያ ሽመናው ይጀመራል። ኦቪድ ይህን ክፍል የጻፈው ሸማኔ ቤት ቁጭ ብሎ ያየ ሰው መስሎ ነው። ድሩ በወፍራሙ እንጨት ላይ ይወጠራል። ሸምበቆ ድሩን ለሁለት ይከፍለዋል። ማጉ በሾለ መወርወሪያ በመሐል ያልፋል። ባለጥርሱ መምቻ ይመታዋል። ልብሳቸውን እስከ ደረታቸው ሰብስበው ታጥቀው፣ ድካሙ ሳይታወቃቸው ይፈጥናሉ። አባዬ እያንዳንዷን ዕቃ በእጁ እያሳየ ተከተለኝ። ለእሱ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የተጻፈ መሆኑ ትርጉም የለውም። ሥራው ያው ሥራ ነው። ሥዕል ያለው ሸማ እንዲህ በአንድ ቁጭታ ማለቁን ግን አላመነም። «የአንድ ነጠላ ጥበብ እንኳ ዓይን ያወጣል» አለ።

አቴና የሸመነችው ይህን ነው። መሐሉ ላይ አሥራ ሁለቱ አማልክት በከፍታ ዙፋን ተቀምጠዋል፤ የአማልክቱ ንጉሥ ዜውስ ከመካከላቸው ነው። እሷና የባሕር አምላኩ ፖሲዶን «አቴንስ ከተማ የማን ትሁን» ብለው የተከራከሩበት ችሎት ነው። ፖሲዶን ድንጋዩን በጦሩ ወግቶ የባሕር ውሃ ያወጣል፤ እሷ መሬቱን ወግታ የወይራ ዛፍ ታበቅላለች። አሸናፊዋ እሷ ናት። በአራቱ ማዕዘን ደግሞ ትንንሽ ሥዕሎች አሉ፣ አማልክትን የተፎካከሩ ሰዎች ምን እንደሆኑ የሚያሳዩ። ሄሞስና ሮዶፔ የሚባሉት ባልና ሚስት ተራራ ሆነዋል። ሁለት ሴቶች ወፍ ሆነዋል፤ አንደኛዋ ሽመላ ናት። አንድ አባት ደግሞ ልጆቹ የቤተ መቅደስ ደረጃ ሆነውበት ድንጋዩ ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል። ጠርዙ የወይራ ቅጠል ጥለት ነው። ሲጠቃለል ሸማው ማስጠንቀቂያ ነው፤ «እኔን የተፈታተነ እንዲህ ይሆናል» የሚል የመንግሥት ማስታወቂያ ብትሉት ይቀላል።

የአራክኔ ሸማ ሌላ ነው። ዩሮፓ የምትባል ልጅ በበሬ ስትታለል ይታያል። በሬው እውነተኛ በሬ፣ ባሕሩ እውነተኛ ባሕር ይመስላል። ልጅቱ የተወችውን ምድር ዞራ እያየች፣ ውሃው እንዳይነካት እግሯን ትሰበስባለች። በሬው ዜውስ ነው። ከዚያ ዜውስ ነጭ ወፍ ሆኖ ከሌዳ ጋር፣ ዜውስ የወርቅ ዝናብ ሆኖ ከዳናኤ ጋር፣ ዜውስ የራሷን ባል መስሎ ከአልክሜና ጋር፣ ዜውስ እሳት፣ ዜውስ እረኛ፣ ዜውስ እባብ። ቀጥሎ ፖሲዶን፣ ቀጥሎ አፖሎ፣ ቀጥሎ ባኮስ፣ በመጨረሻም የዜውስ አባት። ሁሉም መልካቸውን ቀይረው ያታለሏቸው ሴቶች አሉ። ጠርዙ አበባና ሐረግ ነው።

አባዬ «አስተግፊሩላህ። ይሄ ምን ዓይነት አምላክ ነው?» አለ። እቴቴ አማተቡ። እናቴ ብቻ ሳቀች፤ «እሷም እኮ አሮጊት መስላ ነው የመጣችው» አለች። ተረቱን ስንት ጊዜ ሳነብ ይህን አላያያዝኩትም ነበር። ሸማው ላይ ያለው ክስ ሁሉ መልክ ቀይሮ ሰው ማታለል ነው። ከጎኗ ቆማ የምትሸምነውም ልክ እንደዚያው አድርጋ የመጣች ናት።

ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ እንላለን እኛ። አራክኔ ከሰሰች። ያውም በፊቷ፣ ያውም በቀለም። እኔ እንደሆንኩ ዋድላ ቅኔ ቤት ገብታ ቢሆን ኖሮ እላለሁ። ሰሙን ለአቴና ሰጥታ ወርቁን ለኒምፎቹ ታስቀር ነበር። አመስግና መስደብ የሚቻልበት አገር ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ ድፍረቷ ያስፈራኛል።

አሁን ውጤቱ። ኦቪድ የሚለው ይህን ነው፦ ያንን ሥራ አቴናም ብትሆን፣ ቅናት ራሱም ቢሆን፣ እንከን ሊያወጣለት አልቻለም። አሳጥረው የሚተርኩት ሰዎች የሚዘሉት ይቺን ነው። አራክኔ «አላንስም» ብላ ነበር፤ አላነሰችም። አቴና ምን አደረገች? የአማልክቱን ወንጀል የያዘውን ሸማ ቀደደችው። ከዚያ በእጇ በያዘችው መወርወሪያ፣ ኪቶሮስ ከሚባል ተራራ በተቆረጠ እንጨት በተሠራው፣ ልጅቱን ግንባሯን ሦስቴ አራቴ መታቻት።

«በመወርወሪያ?» አለ አባዬ።

በመወርወሪያ አልኩት። ዝም አለ። የአባዬ መወርወሪያ ከእሱ አባት የመጣ ነው፤ እጅ ብዛት አለስልሶታል። ልጆች ሆነን እንድንነካው አይፈቅድም ነበር። ትንሽ ቆይቶ «ዳኛው ማን ነበር?» አለኝ።

ዳኛ የለም። መጽሐፉ ውስጥ ዳኛ የሚባል አልተጻፈም። አቴና በሸማዋ ላይ ለራሷ ክርክር አሥራ ሁለት አማልክት አስቀምጣለች። ለአራክኔ ግን አንድም አልተሰየመም። ተወዳዳሪዋም ፈራጇም ቀጪዋም ያችው አንዷ ናት። አባዬ «እንግዲያ ውድድር አይደለማ» ብሎ ፊንጃሉን አነሳ።

ቀጣዩን ቶሎ ልለፈው። አራክኔ ውርደቱን አልቻለችም፣ አንገቷ ላይ ገመድ አገባች። አቴና አዘነችላትና ወደ ላይ ያዘቻት። «ኑሪ፤ ግን ተንጠልጥለሽ ኑሪ» አለቻት። ሄካቴ የምትባለውን የአስማት አምላክ ቅጠል ጭማቂ ረጨችባት። ፀጉሯ ረገፈ፣ አፍንጫና ጆሮዋ ጠፋ፣ ራሷ አነሰ፣ ቀጫጭን ጣቶቿ እግር ሆነው ጎኗ ላይ ተጣበቁ። የቀረው ሁሉ ሆድ ሆነ። ከሆዷ ክር ታወጣለች፣ እንደ ድሮዋ ትሸምናለች።

በዚያ እርግማን ውስጥ ግን ሌላ አንድ አረፍተ ነገር አለ፤ እኔን ያስቀመጠኝም እሱ ነው። አቴና «ወደፊት ተስፋ እንዳታደርጊ፣ ይህ ቅጣት በዘርሽና በልጅ ልጆችሽም ላይ ይሁን» ትላለች። ሸረሪት ሁሉ የአራክኔን ዕዳ ትከፍላለች ማለት ነው። ምንም ያላለች፣ ማንንም ያልሰደበች፣ ትናንት የተፈለፈለችም ጭምር።

ይህን መረዳት ለሸማኔ ልጅ አይከብደውም። እኛ ጋ ሸማ የማይለብስ የለም። ሙሽራ በሸማ ትዳራለች፣ ሙት በሸማ ይገነዛል። ሸማ ሠሪውን ግን «ቁጢት በጣሽ» ይሉት ነበር። ብረት ሠሪው ጠይብ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ። ዓይኑ ይበላል፣ ቡዳ ነው፣ ማታ ጅብ ይሆናል። ሰውን በሙያው ምክንያት ወደ አውሬ መለወጥ የግሪኮች ብቻ አይደለም። ስድቡም በዘር ይወርዳል፤ ልጁ እንዝርት ባይነካም የሸማኔ ዘር ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። ስድቡ ያን ያህል ባይበዛ አዋጅ ባላስፈለገው።

አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎ የታላቅ እህቴ ሽማግሌዎች መጡ። ነገሩ ሁሉ ተስማምቶ ካለቀ በኋላ ከወንዱ ወገን አንድ ዘመድ «አባትየው ምንድን ነበር ሥራው?» ብሎ ድጋሚ ጠየቀ። ሥራውን ያውቃል። ግቢ ሲገባ የአባዬን ጉድጓድ ተሻግሮ ነው የገባው። ያንኑ ቀን የለበሰውን ጋቢ የሸመነው ማን እንደሆነ ልነግረው ፈልጌ እናቴ በዓይኗ አስቀመጠችኝ። ጋብቻው ሆነ፤ ልጆችም አሉ። ጥያቄው ግን ከእኔ አልወጣም።

ስለ ሸረሪቷ ራሷ ደግሞ እኛ ቤት የግሪኩን አንቀበልም። አባዬ ሸረሪት አይገድልም፤ ቤት ሲጠረግም ድሯን ቀስ ብሎ በመጥረጊያ ጫፍ ነው የሚያነሳው። ነቢዩ ከመካ ወደ መዲና ሲሰደዱ ከአቡበክር ጋር ሰውር ዋሻ ተደብቀው ሳለ፣ ሸረሪት በዋሻው አፍ ላይ ድሯን አድርታ አሳዳጆቹ «እዚህስ ሰው አልገባም» ብለው እንዲመለሱ አድርጋለች ይባላል። ከቁርአንም ሃያ ዘጠነኛው ሱራ በስሟ «አል-ዐንከቡት» ነው። እዚያ ውስጥ ደግሞ ከቤቶች ሁሉ ደካማው የሸረሪት ቤት እንደሆነ ተጽፏል። አባዬ ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ ይደነቃል፤ ደካማው ቤት ጠበቀ እያለ። እቴቴም ዳዊታቸውን ጠቀሱ። ዘመናችን እንደ ሸረሪት ድር ነው የሚለው የሙሴ ጸሎት መዝሙር ውስጥ አለ። ማንኛቸውም ሸረሪትን የተረገመች አላሏትም። ግሪኮቹ ብቻ ናቸው።

እነሱም ቢሆኑ አንድ ዓይነት አይተርኩም። ሌላ አነጋገር አለ፦ አራክኔ የአቲካ ልጅ ናት፣ ሽመና ያስተማረቻት አቴና ራሷ ናት፣ ፋላንክስ የሚባለውን ወንድሟንም ጦር መያዝ አስተማረችው። ወንድምና እህት ነውር ሠርተው ተቀጡ ይላል። ያ ተረት ለእኔ ጣዕም የለውም። ፕሊኒ የሚባለው ሮማዊ ጸሐፊ ደግሞ ሸረሪትነቷን ትቶ የተልባ እግር ክርንና መረብን የፈለሰፈች እሷ ናት፣ ልጇም የሱፍ መፍተያ እንዝርትን አወጣ ይላል። ይህን አባዬ ወዶታል።

ለእናቴ በስልኬ አንድ ሥዕል አሳየኋት። የስፔኑ ሠዓሊ ቤላስኬዝ በ1650ዎቹ የሠራው ነው፤ ማድሪድ ፕራዶ ሙዚየም አለ። ከፊት፣ በትልቁ፣ ሴቶች ሱፍ ይፈትላሉ። አሮጊቷ መዘውሩ ላይ ናት፣ መሬት ላይ ድመት ተኝታለች። አቴናና አራክኔ ከኋላ ናቸው፤ በብርሃን ውስጥ፣ ትንንሽ ሆነው። አቴና የራስ ቁር ደፍታ እጇን አንስታለች። ብዙ ዘመን ሰው የተራ ሥራ ቤት ሥዕል ነው ብሎት ኖሯል። እናቴ አምላኳን አላየቻትም። «ይቺ ጀርባዋን የሰጠችን ልጅ ጥሩ ታጠነጥናለች» አለች።

ኦቪድም እንደ ጀግናዋ ሆኗል። በ8 እ.ኤ.አ. አውግስጦስ ቄሣር ጥቁር ባሕር ዳርቻ ወዳለችው ቶሚስ አጋዘው። ምክንያቱን ራሱ «ግጥምና ስህተት» ይለዋል። ይምረኛል ብሎ ስንት ደብዳቤ ጻፈ፤ እዚያው ሞተ። አራክኔን የጻፋት ግን ከመጋዙ በፊት ነው።

መጨረሻ ላይ አባዬን ላስደስተው ብዬ የማዳጋስካሩን ነገርኩት። በ2009 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የታየ ሸማ አለ፤ ሙሉ በሙሉ ከሸረሪት ክር የተሸመነ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሴት ሸረሪቶች ከየቦታው ተለቅመው፣ ክራቸው ተስቦ ነው የተሠራው። ቀለም አልገባበትም፤ የራሱ ወርቃማ ቢጫ ነው። የብዙ ሸረሪቶች ክር አንድ ላይ ተገምዶ ነው ድርና ማግ የሚሆነው፤ አንዱ ብቻውን እጅግ ቀጭን ነዋ።

«ሸረሪቶቹስ?» አለች እናቴ። ከተሳቡ በኋላ ወደ ዱር ይለቀቃሉ አልኳት። ከልቧ ባይሆንም ደስ አላት።

አባዬ የግምዱን ነገር፣ የመወጠሩን ነገር፣ ይበጠስ እንደሆነ፣ ሁሉን ጠየቀኝ። ግማሹን አላወቅኩለትም። ከዚያ ዋጋውን ጠየቀ። አይሸጥም፣ ሙዚየም ውስጥ ነው የታየው አልኩት።

«አይለበስም?»

«አይለበስም አባዬ።»

«እንግዲያ ምኑን ሸማ ሆነ!» አለና የቀረችውን በረካ ራሱ ቀድቶ ጠጥቶ፣ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። የሰው ጋቢ ለአርብ ማድረስ አለበት።